ለማይታየው ጉዳት ከፋዩ ማን ነው?

ምንም ነገር ባለመድረሱ የተሸለመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሳት ያጠፋ ይሸለማል፤ ጎርፍ የወሰደውን ሕፃን ያወጣ ስሙ በጋዜጣ ይወጣል። እሳቱ እንዳይነሣ በየወሩ እየዞረ ሽቦውን ሲያይ የኖረው ሠራተኛ ግን ጡረታ ሲወጣ ሻይና ብስኩት ከተገኘለት ትልቅ ነገር ነው። እንዲያውም በጀት በተቀነሰ ቁጥር «ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ምን ይሠራል?» የሚባለው እሱው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የቅጠሉን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለውን ግን ተረቱ አይነግረንም።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ይህንኑ የቅጠሉን ዋጋ ነው፤ ያውም በአንድ መስክ ብቻ ወስኜ። የኑክሊየር ደኅንነት ምርምር፣ ለዚሁ ሥራ የሚሆን የሰው ኃይል ሥልጠናና ሰውን ከጨረራ የመከላከል ተግባር በሕዝብ ገንዘብ መደገፍ ይገባዋል ወይ? ቋንቋና ፍልስፍና የሚማር ሰው እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ ቢኖር አይደንቀኝም። ነገር ግን ጥያቄው የሒሳብ ከመሆኑ በፊት የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። ለማያመሰግነን ሰው፣ በዓይን ለማናየው አደጋ፣ ላይደርስ ለሚችል ነገር ዕዳ አለብን ወይ ነው የሚለው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ አንድ ታሪክ ልናገር። ብራዚል ውስጥ ጎያንያ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ የነበረ አንድ የጨረር ሕክምና ተቋም በ1985 ወደ ሌላ ሕንጻ ሲዛወር አንዱን የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ በቀድሞው ሕንጻ ጥሎት ይሄዳል፤ ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤትም አላስታወቀም። ሕንጻው ከፊሉ ፈርሶ ሰው የማይኖርበት ሆነ። በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች፣ እኛ ሠፈር ቢሆን ቆራሌ የምንላቸው ዓይነት፣ እዚያ ገብተው ከመሣሪያው ላይ ከባዱን ብረት ፈትተው ወሰዱ። ብረት ነው፤ ይሸጣል። በውስጡ ግን ሴዚየም 137 የሚባል ጨረራ አመንጪ ዱቄት ነበረበት፤ ክብደቱ 100 ግራም እንኳ የማይሞላ። ዕቃውን ለአንድ የውድቅዳቂ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው ማታ ላይ ሲያየው ሰማያዊ ብርሃን ይፈነጥቃል። ደስ አለው፤ ጉድ ነው ብሎ ለዘመድ ለወዳጅ አሳየ፤ የሩዝ ቅንጣት የሚያህሉትንም ፍርፋሪዎች አከፋፈለ። ለጌጥ ብለው ገላቸውን የተቀቡ ነበሩ። የስድስት ዓመት ልጅ ዱቄቱን በነካካ እጇ ምግብ በላች።

ሰዎቹ መታመም ጀመሩ። ሐኪም ቤት ሄዱ፤ የሞቃት አገር በሽታ ነው ተባሉ። ነገሩ የገባት የነጋዴው ሚስት ናት። ትምህርቷ ምን ያህል እንደ ነበረ አላውቅም፤ ማሰቧን ግን ሥራዋ ይመሰክራል። ቤቷ የገባው ዕቃ ሰውን እየገደለ መሆኑን አስተዋለችና መስከረም 28 ቀን ዕቃውን በከረጢት አስደርጋ፣ በአውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ጤና ጥበቃው ቢሮ ወሰደችው። በማግሥቱ፣ በአጋጣሚ ለጉብኝት ከተማዋ ውስጥ የነበረ አንድ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ተጠራ። መለኪያ ተውሶ ወደ ቢሮው ሲያመራ፣ ገና ከሩቁ የመሣሪያው መርፌ ጣሪያ ነካ። ወደየትም ቢያዞረው ያው ነው። ይሄስ ተበላሽቷል ብሎ ተመልሶ ሌላ መለኪያ አመጣ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። እሱ ሲደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ዕቃውን አንሥተው ወንዝ ውስጥ ሊጥሉት ተሰናድተው ነበር። ለጥቂት አስቆማቸው።

አራት ሰዎች ሞቱ፤ ያቺ ሴትና ያቺ ሕፃን ከነሱ መካከል ናቸው። ከ112,000 በላይ ሰው በስታዲዮም ተሰብስቦ ተመረመረ፤ 249ኙ ተበክለው ተገኙ። ቤቶች ፈረሱ፣ አፈር ተቆፍሮ ተነሣ። ከዚያ ሁሉ የወጣው ወደ 3,500 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ቆሻሻ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በተሠራ ማከማቻ ተቀብሯል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጉልኝ። እኔ አላገኘሁም። ቆራሌዎቹ እንጀራ ፍለጋ ነው፤ ነጋዴው ብርሃኑ ደስ ብሎት ነው፤ ሐኪሞቹ ያልተማሩትን አላወቁም፤ እሳት አጥፊዎቹ በቅን ልቡና ወንዙን ሊመርዙት ነበር። ተቋሙ ቸልተኛ ነው፤ ይህ ጥፋት ነው፤ ግን ማንንም ልግደል ብሎ አልተነሣም። የጠፋው ነገር ዕውቀት ነው። የሚያውቅ ሰው፣ የሚለካ መሣሪያ፣ «ያ ዕቃ የት ደረሰ?» ብሎ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የሚጠይቅ መዝገብ ያዥ። ከተማዋን ከባሰ ነገር ያዳናት የአንዲት ሴት ማስተዋልና ለጉብኝት የመጣ የአንድ ባለሙያ ዕድል ነው። አንድ ማኅበረሰብ ደኅንነቱን በእንግዳ ሰው መምጣትና አለመምጣት ላይ ሊያቆም ይገባዋል?

ፕላቶን «ሪፐብሊክ» በሚባለው መጽሐፉ ስለ አንድ ቀለበት ያወራል፤ ያጠለቀው ሰው ከዓይን ይሰወራል። ጥያቄውም፣ ማንም የማያየው ሰው ጻድቅ ሆኖ ይኖራል ወይ የሚል ነው። በእኛ ጉዳይ ግን ቀለበቱን ያጠለቀው በዳዩ ሳይሆን ጉዳቱ ራሱ ነው። ጨረራ አይሸትም፣ አይቀምስም፣ አያቃጥልም፤ ሲያቃጥልም ከረፈደ በኋላ ነው። ትንሽ ትንሹን የተቀበለ ሰው ካንሰር ቢይዘው ከሃያ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የትኛው ከየትኛው እንደ መጣ ለይቶ ይህ ነው ብሎ የሚምል ሐኪም የለም። ጭሱን ያየ ሰው ይጮኻል፤ ወንዙ የገማበት መንደር አቤት ይላል። ተጎጂው መጎዳቱን ካላወቀ ግን ማን አቤት ይበል?

እንግዲህ እኔ የምለው እዚህ ላይ ነው። ከሌላው አደጋ ዓይናችን፣ አፍንጫችን፣ ጆሯችን ይጠብቁናል። ከዚህኛው የሚጠብቀን ዕውቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ጨረራ ማወቅ ትርፍ ነገር አይደለም፤ የጋራ የሆነ ሁለተኛ ዓይን ነው። የጋራ ዓይናችንን ደግሞ ለአንድ ባለ ጥቅም በአደራ መስጠት አይቻልም። ለምን ቢባል ተሞክሮ ታይቷልና።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ኒው ጀርዚ፣ ኦሬንጅ በምትባል ከተማ፣ ወጣት ሴቶች የሰዓት ቁጥሮችን ራዲየም ባለበት ቀለም ይቀቡ ነበር። ብሩሹ እንዲሾል በከንፈራቸው ያሹሉታል። በየቀኑ ራዲየም ይውጣሉ ማለት ነው። መንጋጋቸው መበስበስ ጀመረ። ዩናይትድ ስቴትስ ራዲየም ኮርፖሬሽን የሚባለው ኩባንያ በ1924 ሴሲል ድሪንከር የተባሉትን የሐርቫርድ ሊቅ አስጠርቶ አስጠና። እሳቸውም አጥንተው ምክንያቱ ራዲየሙ ነው አሉ። ኩባንያው ታዲያ ምን አደረገ? ጥናቱን ደብቆ፣ ሠራተኞቹ ደኅና ናቸው የሚል የተለወጠ ቅጂ ለክፍለ ግዛቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰጠ። ሊቁ በ1925 ራሳቸው እስኪያሳትሙት ድረስ እውነቱ የከፈለው ሰው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ልብ በሉ፤ ምርምር አልጠፋም፤ ገንዘብም አልጠፋም። ጥናቱ ተጠንቷል፣ ተከፍሎበታል። የጠፋው የጥናቱ ባለቤት ሕዝብ መሆኑ ነው።

ይህ ያረጀ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ አዲስ ላምጣለት። የጃፓኑ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ቴፕኮ በ2008 በውስጥ ባሠራው ስሌት ፉኩሺማ ዳይቺ ላይ እስከ 15.7 ሜትር የሚደርስ የባሕር ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል ተነግሮታል። የማብለያዎቹ ግቢ ከባሕር ወለል 10 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ያህል ስሌቱ ተቀመጠ። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የቀረበው መጋቢት 7 ቀን 2011 ነው። ማዕበሉ የመጣው መጋቢት 11 ቀን ነው። አራት ቀን! ተቆጣጣሪው ራሱም ቢሆን የኑክሊየር ኃይልን በሚያስፋፋው ሚኒስቴር ሥር የተቀመጠ ነበር፤ አሳዳጊውና ተቆጪው አንድ ቤት ያድራሉ። በ2012 የአገሪቱ ፓርላማ ያቋቋመው ነጻ አጣሪ ኮሚሽን አደጋው የሰው ሥራ ውጤት ነው ብሎ ደመደመ። አዲስ፣ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እዚህ ላይ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ያነሣው ክርክር አለ፤ ቀላል ክርክር አይደለም። «ጎበዝ፣ ትርፉን ኩባንያ እየወሰደ ጥንቃቄውን ሕዝብ ይክፈልለት ነው የምትለው? ይሄ እኮ ለሀብታም መጦሪያ መስጠት ነው! ያቆሸሸ ይጥረግ!» ይላል። እውነት አለው። ግብር ከፋዩ፣ መብራት እንኳ የሌለው ገበሬ ጭምር፣ የሌላውን የንግድ አደጋ እንዲሸከም ማድረግ በደል ነው።

ነገር ግን ጓደኛዬ ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጎ አስሯል። ገንዘቡ ከማን ኪስ ይምጣ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውን ማን ይጠይቅ፣ መልሱንስ ማን ይስማው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ከኩባንያው ሰብስቡ፤ እሰየው። የአሜሪካ የኑክሊየር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የበጀቱን አብዛኛውን ክፍል ከባለ ፈቃዶቹ በሚሰበስበው ክፍያ ይሸፍናል፤ ኮሚሽኑም የተፈጠረው በ1974 በወጣ ሕግ አስፋፊውን ከተቆጣጣሪው ለመለየት ተብሎ ነው። ዋናው ነገር ገንዘቡ አንዴ ከከፋዩ እጅ ከወጣ በኋላ ከፋዩ ጥናቱን ማዘዝና መደበቅ አለመቻሉ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ስል ይህን ማለቴ ነው። ምንጩ ግብርም ይሁን የግዴታ ክፍያ፣ መልሱ ለሁሉ የሚነበብ ገንዘብ።

መልሱ ለሁሉ የሚነበብ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ኩባንያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁሉም የመንግሥት፣ ሁሉም «የሕዝብ» ነበር። የቼርኖቢልን ዓይነት ማብለያ ለማቆም መቆጣጠሪያ ዘንጎቹን ማስገባት ያስፈልጋል፤ ፍሬን እንደ መያዝ ነው። ዘንጎቹ ግን በተወሰነ ሁኔታ ሲገቡ፣ ለጥቂት ሴኮንድ ኃይሉን በመቀነስ ፈንታ ይጨምሩታል። ፍሬን ስትረግጥ የሚፈተለክ መኪና ማለት ነው። ይህ ጉድለት በ1983 ሊቱዋኒያ ውስጥ በነበረው የኢግናሊና ማብለያ ላይ ታይቷል፤ ያዩትም የመንግሥት ባለሙያዎች ናቸው። የቼርኖቢል ኦፕሬተሮች ግን በቅጡ አልተነገራቸውም። ሚያዝያ 26 ቀን 1986 ሌሊት ማቆሚያውን ተጫኑ፤ የሆነው ሆነ። በመጀመሪያ ጥፋቱ የኦፕሬተሮቹ ነው ተባለ። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አማካሪ ቡድን በ1992 ባወጣው ሁለተኛ ሪፖርቱ ነው የንድፉንና የተደበቀውን መረጃ ድርሻ በግልጽ ያስቀመጠው። ስለዚህ «መንግሥት ይክፈል» ብቻውን መልስ አይሆንም። በመንግሥት ካዝና የተገዛ ምስጢር በኩባንያ ካዝና ከተገዛ ምስጢር የተሻለ ምግባር የለውም። ለሞተው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሌላም የምፈራው ነገር አለ። ምርምሩ በግልጽ ሆኖም፣ በጥቃቅን እጅ ሲያዝ ምን ያህል ሊዘገይ እንደሚችል። እንግሊዛዊቷ ሐኪም አሊስ ስቱዋርት በ1950ዎቹ፣ ልጆች ለምን በደም ካንሰር እንደሚሞቱ ለማጥናት ያገኙት ድጋፍ 1,000 ፓውንድ ነበር። በዚያች ገንዘብ መጠይቅ አትመው ለየአገሩ ጤና ሹም አሰራጩ፤ እናቶቹንም አስጠየቁ። በእርግዝና ጊዜ ራጅ የተነሡ እናቶች ልጆች በካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። በ1956 አሳወቁ። ታላላቅ ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። በ1962 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ትልቅ ጥናት አረጋገጠላቸው፤ ልማዱ እስኪቀር ግን ብዙ ዓመት አለፈ። በነዚያ ዓመታት መካከል ስንት እርጉዝ ሴት ራጅ ክፍል ገባች? ለጥያቄው ገንዘብ ያለመስጠት፣ መልሱን የማዘግየት ያህል ነው፤ የመልሱ መዘግየት ደግሞ በሰው ልጅ ይቆጠራል።

ደግሞም ያለን ዕውቀት በነጻ የመጣ አይምሰለን። ዛሬ በብዙ አገሮች በጨረራ አካባቢ የሚሠራ ሰው በአምስት ዓመት አማካይ ተወስዶ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት በላይ እንዳያገኘው የሚል ወሰን አለ። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። በዋናነት የመጣው ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ሰዎች ገላ ነው። ከ1950 ጀምሮ 120,000 የሚያህሉ ሰዎች እየተመዘገቡ፣ ማን በምን እንደ ታመመ፣ ማን መቼ እንደ ሞተ ሲጻፍ ኖሯል። ሥራውን በ1947 የጀመረው የአሜሪካኖቹ ኮሚሽን ይመረምረናል እንጂ አያክመንም ተብሎ በተጎጂዎቹ ክፉኛ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። በ1975 ሁለቱ መንግሥታት በጋራ ገንዘብ የሚሰጡት ድርጅት ተክቶታል። እንግዲህ አስቡት፤ ቦምቡ በተጣለባት ከተማ እናቷን ያጣች ልጅ፣ ክንዷን ለመርፌ እየሰጠች የኖረችው ኑሮ ዛሬ አዲስ አበባ ያለውን ራጅ አንሺ ይጠብቀዋል። ይህን ዕውቀት ሳንጠቀምበት፣ ሳናስተምረው፣ ሳናሳድገው መተው ከስንፍና በላይ ነው። በግድ የተወሰደን ነገር ተቀብሎ እንደ መጣል ነው።

የገንዘቡን ጉዳይ በቁጥር ላየው ፈለግሁ። የአውሮፓ አገሮች በ1957 በሮም ውል ዩራቶም የተባለውን ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ አሁንም አለ። ከ2021 እስከ 2025 የነበረው የምርምርና የሥልጠና መርሐ ግብሩ 1.38 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ተመድቦለት ነበር። ከዚህ ውስጥ 583 ሚሊዮኑ ለፊውዥን ነው፤ ቀላል አተሞችን በማዋሐድ ኃይል ለማግኘት ለሚደረገው፣ እስካሁን አንድም ቤት ላላበራው ጥረት። 532 ሚሊዮኑ ለኅብረቱ ለራሱ የምርምር ማዕከል ነው፤ ማዕከሉም የደኅንነት ሥራ ይሠራል። አሁን ባሉት ማብለያዎች ደኅንነት፣ በቆሻሻው አያያዝና በጨረራ መከላከል ላይ ለሚወዳደሩ ተመራማሪዎች በቀጥታ የቀረው 266 ሚሊዮን ነው።

ፊውዥን አያስፈልግም እያልሁ አይደለም። ነገር ግን የሰው ልጅ ልብ ወዴት እንደሚያደላ ቁጥሩ ያሳብቃል። ተስፋ ደጋፊ አለው፤ ሪባን ይቆረጥለታል፤ ሚኒስትር ፎቶ ይነሣበታል። ጥንቃቄ ግን ያለፈውን ጥፋት የሚያስታውስ፣ ደስታ የሚያደፈርስ እንግዳ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሐንስ ዮናስ በ1979 ባሳተመው ስለ ኃላፊነት በሚናገረው መጽሐፉ፣ የሥራችን ክንድ በረዘመ መጠን ስለ ውጤቱ ማወቅ ራሱ ግዴታ ይሆናል የሚል አሳብ አለው። እኔ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። ግዴታው የአንድ ጊዜ አይደለም። የጎያንያው ሴዚየም በ30 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሌላ 30 ዓመት የግማሹ ግማሽ ይቀራል፤ እንዲህ እያለ ሦስት መቶ ዓመት ያህል መጠበቅ ይፈልጋል። በዚያ ሁሉ ዘመን የማከማቻውን ዘበኛ ደመወዝ በየዓመቱ የሚያጸድቅ፣ ስለዚያች ሰማያዊ ብርሃን ምንም ያልሰማ ሹም ይኖራል። ስለማያስታውሰው ነገር የሚከፍለውን ሰው ምን ያስከፍለዋል? ሕግና ትምህርት ካልሆነ በቀር በጎ ፈቃድ ሦስት መቶ ዓመት አይቆይም።

«ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው፤ እኛ ዳቦ ቸግሮናል» የሚለውን ሳልመልስ ባልፍ ታማችሁኛላችሁ። ዳቦ መቅደሙን አልክድም። ግን ጨረራ እኛ ዘንድ ቆይቷል። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1957 ነው፤ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 79 የወጣው በ1993 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስሙም አደረጃጀቱም ተለዋውጧል። ራጅ የሌለው ከተማ ዛሬ ጥቂት ነው። እኔ ራሴ ዓምና ደረቴን ራጅ ልነሣ በሄድሁበት አንድ ክሊኒክ (ስሙ ይቆየን) በሩ ገርበብ ብሎ፣ ሕፃን ያዘለች እናት ደፉ ላይ ቆማ ነበር። ራጅ አንሺው ጨዋ ልጅ ነው፤ እናትየዋን «እማማ፣ እባክዎ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አላት። ካፖርቱ ላይ ግን የጨረራ መጠን የሚመዘግበው ባጅ የለም። ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ ለንባብ ከተላከ ስምንት ወሩ ነው፤ አልተመለሰም» አለኝ፣ ሳቅ ብሎ።

ማጋነን አልፈልግም። አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው 0.1 ሚሊሲቨርት እንኳ አይሞላም፤ ከመሬትና ከሰማይ የሰው ልጅ ሁሉ በአማካይ በዓመት 2.4 ያህል ያገኛል። እኔም ያቺም እናት ምንም አንሆንም ይሆናል። ያ ልጅ ግን በቀን ስንት ሰው ያነሣል? በዓመትስ? ስንት እንደ ወሰደ እሱም አያውቅ፣ ቀጣሪውም አያውቅ፣ እኛም አናውቅ። ቁጥሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ትንሽ መሆኑን የማወቅ መብት ግን የእሱ ነበር፤ ይህም መብት የአንድ ባጅና የአንድ አንባቢ ባለሙያ ዋጋ ነው። ዳቦ የሚያሳጣን ይህ ነው?

ከዚህ የበለጠው ደግሞ መጥቷል። በመስከረም 2025 ኢትዮጵያና የሩሲያው ሮሳቶም የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ ለመሥራት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራርመዋል። ወደድንም ጠላንም ክርክሩ ከንግዲህ የእኛው ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ማመንጫው ይሠራ አይሠራ የሚለውን ከመጨቃጨቃችን በፊት ቅደም ተከተሉን መጠየቅ አለብን። ማመንጫ የሚሸጥ ሻጭ ኦፕሬተር ያሠለጥንልናል፤ ደግም ያደርጋል። የሻጩን ሥራ መርምሮ «ይህ ብየዳ አይሆንም፤ አቁሙ» የሚል ሰው ግን ሻጩ ሊያሠለጥንልን አይገባም። ያን ሰው ራሳችን በራሳችን ገንዘብ ማስተማር አለብን፤ ሲናገርም እንጀራው እንዳይቋረጥ፣ የጻፈውም መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር በሕግ መጠበቅ አለበት።

እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ክረምት ኮርስ አይገኝም። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከዚያ በሌላ ሰው ማብለያ ላይ ዓመታት መዋል አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ማመንጫ ሲቆም ተቆጣጣሪ የሚሆነው ሰው አሁን ወይ እዚሁ ግቢ ፊዚክስ እየተማረ ነው፣ ወይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። የፊዚክስ ጓደኞቻችንን ስጠይቅ አብዛኞቹ ባንክ ወይም ሶፍትዌር ቤት ሊገቡ ያስባሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ወንበር አላዩማ። በሚቀጥለው የውይይት ምሽታችን የፊዚክስ ክፍል መምህራንንና የተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ሰዎች ጋብዘን ሁለት ነገር ብቻ እንጠይቃቸው። ለዚህ ሙያ በየዓመቱ ስንት ተማሪ በማን ገንዘብ ይላካል? የራጅ ክፍሎች የፍተሻ ሪፖርትስ የት ተቀምጦ ነው ማንም ሰው ሄዶ ሊያነበው የሚችለው?